በቢራ የተመረቀ መንገድ

ናቴላና ማልኻዝ የተዋወቁት በሰው ጥርስ ምክንያት ነው።

የናቴላ አክስት ዶዶ ከእናታቸው የወረሱት የሉል ጉትቻ ነበራቸው። ጉትቻውን ይወዱታል፤ ሉሉን ግን ይፈሩታል። ሉል እንባ ነው፣ ሉል ያንጠለጠለች ሴት ጉንጯ አይደርቅም ሲባል ሰምተው ነው ያደጉት። ባላቸው የሞተ ቀን ያንን ጉትቻ አድርገው ነበር፤ የልጃቸው ትዳር የፈረሰ ቀንም አድርገውት ነበር። በየሠርጉና በየክርስትናው ያደረጉበትን ቀን ግን አይቆጥሩትም። በመጨረሻ ሉሉ ወጥቶ ቀይ ድንጋይ ይግባበት ብለው ቆረጡና የወንድማቸውን ልጅ አስከትለው ቴላቪ ከተማ ገበያው አጠገብ ወዳለች አንዲት ጠባብ የወርቅ ሠሪ ሱቅ ገቡ።

ሱቋ ውስጥ አንድ ወጣት አጎንብሶ ቀጭን የብር ሽቦ በወረንጦ ያጥፋል። ሽቦው መሃል ላይ ሰማያዊ የመስተዋት ዱቄት ይሞላል፤ በኋላ እሳት ሲነካው ቀልጦ እንደ ሰማይ ያበራል። ዶዶ ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት መደርደሪያው ላይ ከነበሩት ቀለበቶች አንዱን አንስተው ነከሱት።

«እትዬ» አለ ወጣቱ ቀና ብሎ፣ «እሱ ትናንት ነው ያለቀው። ዛሬ ተበላ።»

«ወርቅ መሆኑን ላረጋግጥ ብዬ ነዋ! ወርቅ ለጥርስ ይለሰልሳል።»

«እርሳስም ይለሰልሳል። ወርቅ በጥርስ የሚለይ ቢሆን ኖሮ ዓይኔን እዚህ ከማጠፋ የጥርስ ሐኪም እሆን ነበር።»

ናቴላ ሳቋ አመለጣት። ሳቋ በአፍንጫ የሚወጣ ሳቅ ስለሆነ ሁልጊዜ ታፍርበታለች፤ ያን ቀንም አፏን በእጇ ሸፈነች። ወጣቱ ወረንጦውን አስቀመጠና አያት። ዶዶ ጉትቻውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉት።

«ሉሉን አውጣልኝ።»

«ምን በደለዎት?»

«እንባ ነዋ! የወርቅ ሠሪ ልጅ ሆነህ ይኼን አታውቅም?»

«እንባ ቢሆን ጨው ጨው ይል ነበር። እስኪ ይቅመሱት፤ መቼም ቀለበቱን ቀምሰውታል።»

ዶዶ ተቆጡ፣ ግን ሥራውን ለሌላ አልሰጡም፤ በከተማው እንደ ማልኻዝ ያለ እጅ እንደሌለ ያውቃሉ። ሲወጡ ናቴላ ወደ ኋላ ቀረት አለችና «የሚወጣውን ሉል አትጣለው፣ እኔ እወስደዋለሁ» አለችው።

«አትፈሪም?»

«ማልቀስ ካለብኝ ያለ ጌጥ ከማለቅስ አጊጬ ባለቅስ ይሻላል» አለች።

ጉትቻውን ልትወስድ የመጣችው ብቻዋን ነው። ሥራው አልቆ ነበር፤ እሱ ግን ገና ነው አላት፣ እሷም ያለቀውን ጉትቻ በዓይኗ እያየች ገና ነው ሲላት አመነችው። እንዲህ ያለ ውሸት ሁለት ሰው ካልተባበረበት አይሆንም።

«እናንተ ወይን ሠሪዎች ጋስ?» አላት። «እንደ አክስትሽ ያለ የለም?»

«እኛ ጋማ ሞልቶ! ከዋና ከተማው ከትብሊሲ የሚመጡ እንግዶች ጠርሙስ ሲከፈትላቸው ቡሹን ተቀብለው ያሸታሉ።»

«ምን ይሸታል?»

«ቡሽ ቡሽ ነዋ! አሽትተው ግን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አባቴ አንዳንዴ ሆን ብሎ የሌላ ጠርሙስ ቡሽ ይሰጣቸዋል። ለሱም ይነቀንቃሉ።»

«ሌላስ?»

«ወይን ባረጀ ቁጥር ይጣፍጣል ይላሉ። አባቴ የሞላው ጋን ሁሉ እንደዚያ ቢሆን እስከ ዛሬ ንጉሥ በሆንን። አብዛኛው ወይን በጊዜው ካልጠጡት ይኮመጥጣል።»

«ሰውም እንደዚያው ነው፤ በጊዜው ካላገቡት።»

«አንተ ስንት ዓመትህ ነው?»

«መኮምጠጥ ጀምሬያለሁ» አላት። እሱ ወረንጦውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ፤ እሷ ጉትቻውን በመሐረቧ ጠቀለለች፣ መልሳ ፈታች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ናቴላ ገበያ የሚያስኬድ ጉዳይ አላጣችም።

አባቷ ሻልቫ በዚያ አካባቢ ስማቸው ከወይናቸው እኩል የሚጠራ ሰው ነበሩ። ሠርግም ሆነ ሐዘን፣ ገበታ ሲቀርብ የገበታ መሪ፣ ታማዳ፣ የሚሆኑት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ሳይመርቁ ወይን የሚያነሳ የለም፤ እሳቸው ሲናገሩም የሚያቋርጥ የለም። የልጃቸውን ነገር ሲሰሙ ሳቁ።

«ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሴት ጌጥ ሲለቅም የሚውል ምኑ ወንድ ነው? አንድ ሐረግ ወይን እንኳ የለው!»

ለናቴላ የደረሰላት ታላቅ ወንድሟ ጎደርዚ ነው። ጎደርዚ በጉርምስናው ራግቢ ሲጫወት አፍንጫው የተሰበረ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ግዙፍ ሰው ነው። በቴላቪ የማይወደው ሰው ቢፈለግ አይገኝም፤ የሚጮኹበት እንኳ እየሳቁ ነበር የሚጮኹበት።

«አባዬ፣ የኛ ሐረግ ለሁላችንም ይበቃል» አለ። «ይልቅ እጁን አይተህለታል? አይንቀጠቀጥም። እስኪ በዚህ ሰፈር እጁ የማይንቀጠቀጥ ወንድ ጥራልኝ!»

ሻልቫ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ማልኻዝ ተጠራ፤ ገበታው ላይ ሥርዓቱን ጠበቀ፣ ሳይመረቅ አላነሳም፣ ካነሳ በኋላ ሳያጋምስ አላስቀመጠም፤ ስለ ሙታን ሲባል ቆሞ፣ ስለ እናቶች ሲባል ዓይኑ እንባ ሞልቶ ጠጣ። ሻልቫ በመጨረሻ «ይሁን» አሉ። ማልኻዝ በገዛ እጁ የሠራውን ቀለበት አወጣ። መሃሉ ላይ የተቀመጠው ከዶዶ ጉትቻ የወጣው ሉል ነበር። ዶዶ አማተቡ። ናቴላ ግን በዚያን ቀን ደስታዋ ልቧን ሊያፈነዳው ደርሶ ነበር፤ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

የበረዶው ወራት ሊያልቅ ሲል አንድ ቅዳሜ የራግቢ ግጥሚያ ነበርና አደባባዩ አጠገብ ያለው ቢራ ቤት በሰው ታጨቀ። ናቴላ በወንድሟና በእጮኛዋ መሃል ተቀምጣለች። የአገሩ ቡድን ሲያሸንፍ ጎደርዚ አግዳሚው ላይ ወጥቶ ቆመና አግዳሚው ተንቋቋ።

«እኔ ነገ ወይን ጭኜ ትብሊሲ እወርዳለሁ!» ብሎ ጮኸ። «አማቼ እስኪ ምርቃት ያውቅ እንደሆነ ይመርቀኝ!»

ማልኻዝ ብድግ አለ። በእጁ የነበረውን ብርጭቆ ከፍ አደረገ። «ጎደርዚ፣ ወንድም አልነበረኝም፤ አሁን አለኝ። መንገድህ ይቅና። ደኅና ደርሰህ ደኅና ተመለስ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ቢራ ነበር።

በካኼቲ፣ በዚያ ሁሉ የወይን አገር፣ ሰው የሚመረቀው በወይን ነው። ቢራ ለጥም ነው፤ በቢራ መልካም የሚመኙት ለጠላት ብቻ ነው፤ ምኞቱ ተገልብጦ ይደርሳልና። ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። ማልኻዝም ያውቃል፤ ግን ከዶዶ ጥርስና ከቡሽ ማሽተት ጋር አብሮ የሚደረድረው ነገር ነበር፣ ደስታውም ይዞት ሄዷል።

«በቢራ?» አሉ አንድ ሽማግሌ ከወዲያ ጥግ።

ጎደርዚ ከአግዳሚው ዘሎ ወረደና የማልኻዝን ራስ በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩን ሳመው። «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ጠላቴ ነህ! እኅቴን የሰረቅህ ጠላቴ!» አለና ቢራውን እስከ መጨረሻው ጨለጠው። ሁሉም ሳቀ። ናቴላም በአፍንጫዋ ሳቀች። ሽማግሌው ብቻ ብርጭቋቸውን አላነሱም።

በማግስቱ ጠዋት ናቴላ ግቢው ውስጥ እንስራ ታጥባለች። ጎደርዚ ጭነቱን አስሮ ጨርሶ ጓንቱን ሲያጠልቅ ሻልቫ ከወይን ጠጅ ቤቱ አንድ ጠርሙስ ይዘው ወጡ። ከወይኑ አተላ የሚያወጡት አረቄ፣ ጫጫ ነው። በሚሠሩት ወይን ይኮራሉ፤ በጫጫቸው ግን ይምላሉ።

«ጎምቦሪ ተራራ ላይ በረዶ ጥሏል። ሳትሞቅ አትሄድም።»

«አባዬ፣ መኪና እኮ ነው የምነዳው።»

«ንጹህ ጫጫ አያሰክርም! ስንት ጊዜ ልንገራችሁ? የሚያሰክረው ስኳር የገባበት የገበያ አረቄ ነው። ይኼ ደም ያሞቃል እንጂ ራስ አይነካም። አያትህ ያንን ተራራ በፈረስ ሲያቋርጡ የኖሩት ይኼን እየጠጡ ነው።»

«ፈረሱ አልጠጣማ!» አለ ጎደርዚ።

ሻልቫ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ እየሳቁም ቀዱ። ጎደርዚ ጠጣ። ደገሙለት።

«ይበቃዋል አባዬ» አለች ናቴላ።

«አንቺ ደግሞ ገና ሳታገቢ ወንድ መቆጣጠር ጀመርሽ?» አሉና ሦስተኛውን በሥላሴ ስም ብለው ቀዱ። ጎደርዚ ለአባቱ እምቢ ማለት አያውቅም ነበር። ጠጣ፣ ከንፈሩን ጠረገ፣ እኅቱን በእርጥብ እጇ ጎትቶ አቀፋት። ጉንጩ ቀልቶ ነበር። ናቴላ ብርዱ ነው አለች ለራሷ።

ከተራራው ወዲያ ባለው መታጠፊያ ላይ መኪናዋ ገደል ገባች። በረዶ ነው ያንሸራተታት ተባለ። ሰዎች ሲደርሱ ጎደርዚ ሞቶ፣ ወይኑ በበረዶው ላይ ፈስሶ ነበር።

ሬሳው ቤት ሲገባ ሴቶቹ በዙሪያው ተቀምጠው ሙሾ ያወርዳሉ። ሻልቫ አላለቀሱም፣ አልተናገሩም። በር ላይ ቆመው ቀኝ እጃቸውን ያያሉ፣ ያገላብጡታል፣ ያዩታል። ናቴላ ከሬሳው ራስጌ ሆና የአባቷን እጅ አየች፤ የሚያስቡትንም አወቀች። ያን ጠዋት ግቢው ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ሣጥን ውስጥ ነው።

ማልኻዝ ዓይኑ አብጦ፣ ባርኔጣውን በእጁ ጨምድዶ ገባ። ዶዶ ሲያዩት ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«መጣህ? የመረቅከውን ልታይ መጣህ? በቢራ! በቢራ ላክኸው እኮ! ሕዝብ እያየ ልጄን በቢራ ሸኘኸው!»

ሙሾው ቆመ። በዚያን ጊዜ ናቴላ አባቷ ራሳቸውን ከእጃቸው ላይ ቀና ሲያደርጉ አየች። ውኃ የወሰደው ሰው ገመድ ሲወረወርለት እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም።

«ከቤቴ ውጣ» አሉ ሻልቫ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ድምፃቸው ገና መውጣቱ ነበር።

«ባቶኖ፣ ጌታው ሻልቫ፣ እኔ እኮ...»

«ውጣ! ልጄን ገደልከው! ውጣ!»

ማልኻዝ ወደ ናቴላ ዞረ። ሌላ ማንንም አላየም። ናቴላ አፏን ከፈተች። «አባዬ፣ አንተ እኮ ነህ የቀዳህለት» ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። አባቷን አየች። ሰውየው በአንድ ሌሊት ትከሻው ወርዶ፣ ያንን ገመድ ጨብጦ ቆሟል። አፏን መልሳ ገጠመች። ማልኻዝ ወጣ፤ ሙሾው ካቆመበት ቀጠለ።

የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል። መጀመሪያ በቢራ የተመረቀው ምርቃት ተወራ፤ ቀጥሎ የሉሉ ቀለበት ተጨመረበት። እንባ የሆነ ድንጋይ ለእጮኛው ያደረገ ሰው ምን ደግ ነገር ያውቃል ተባለ። የቢራ ቤቱ ሽማግሌ ደጋግመው መሰከሩ። ለፋሲካ ማግስት ሠርግ ቀለበት ያዘዙ ሙሽሮች እናቶቻቸውን እየላኩ ሥራውን አስቀሩ። አንዲት ሴት ከሁለት ዓመት በፊት የገዛችውን የጋብቻ ቀለበት አምጥታ ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ማልኻዝን በፊት ለፊት የሰደበው የለም፤ ሲያልፍ ግን ያማትባሉ።

ናቴላ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች አንድ ከሰዓት ሱቁ ሄደች። እሳቱ ጠፍቷል። ማልኻዝ ሥራ ሳይዝ ተቀምጧል፤ ባዶ እጁን አይታ አታውቅም ነበርና ያ ራሱ አስደነገጣት። አጠገቡ ተቀምጣ አለቀሰች፣ እሱም አለቀሰ፤ ለጎደርዚ አብረው ያለቀሱት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ማልኻዝ» አለች፣ «ያንተ ቢራ አይደለም። አባቴ ነው። ጠዋት ሊሄድ ሲል ጫጫ አጠጣው። ሦስት ብርጭቆ። ዓይኔ እያየ።»

ያጽናናው መስሏት ነበር። እውነትም መጀመሪያ ረጅም ትንፋሽ አወጣ፤ ትከሻው ለቀቅ አለ። «እኔ እኮ» አለ፣ «ሌሊት ሌሊት ማመን ጀምሬ ነበር። እኔ! በሉልና በጥርስ ስስቅ የኖርኩት ሰው፣ ምናልባት እውነት እኔ ይሆን እንዴ እያልኩ...»

ከዚያ ቀስ ብሎ ዞሮ አያት።

«ይኼን ከእኔ ሌላ ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«እኔ ስባረር ታውቂ ነበር?»

ናቴላ ወለሉን አየች። «አውቅ ነበር።»

ማልኻዝ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ጀርባውን ሰጣት። ሲናገር ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር።

«አንድ ጊዜ ተናገሪ ናቴላ። በሰው ፊት፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ሌላ አልጠይቅሽም።»

«አባቴ ይሞታል።»

«እኔስ? እኔ ምን ሆንኩ ትያለሽ?»

«አንተ ወጣት ነህ፣ ትችለዋለህ...»

«ወንድሜን ገደልክ እየተባልኩ? ወንድም አልነበረኝም እኮ። አሁን አለኝ ብዬ አፌን ሳልዘጋ ነው የሞተብኝ።»

ናቴላ እጁን ያዘች። በአርባው ተዝካር፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት እናገራለሁ ብላ ማለችለት። ስትምል ከልቧ ነበር።

በተዝካሩ ቀን ገበታው ግቢውን ሞላው። ሻልቫ ሐዘንተኛ ስለሆኑ ገበታውን የመሩት ጎረቤታቸው ራማዝ ናቸው። ብርጭቆ ሳይጋጭ፣ ዘፈን ሳይኖር፣ ስለ ሙታን፣ ስለ ወላጆች፣ ስለ ቀሪዎች እየተባለ ተጠጣ። ከዚያ ራማዝ ተነሡ። «አሁን ቃሉን ለእኅቱ አሳልፌያለሁ» አሉ።

ገበታ ላይ ቃል የተሰጠውን ሰው ማንም አያቋርጠውም። ተናግሮ ወይኑን እስኪጨርስ ድረስ ዝንብ እንኳ ድምፅ ያለው አይመስልም። ናቴላ ይህን አስባ ነበር የተዘጋጀችው። ቆመች። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ዶዶ እንኳ መሐረባቸውን ከዓይናቸው አንስተው አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። ሻልቫ ግን ልጃቸውን ማየት አልቻሉም። ራሳቸውን ደፍተው፣ ዱላ እንደሚጠብቅ ልጅ ትከሻቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል። እንደምታውቅ ያውቃሉ።

«ቢራ ሰው አይገድልም» አለች ናቴላ።

ሰው ሁሉ ቀጣዩን ጠበቀ። የሻልቫ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ተገለበጠ፤ ወይኑ ነጩ ጨርቅ ላይ ፈሰሰ። ናቴላ የአባቷን ሽበት፣ ያንን ቀኝ እጅ አየች፤ ወይኑን በእጅጌያቸው ለመጥረግ ይሞክራሉ። ያዘጋጀችውን ቃል ተወችው።

«በረዶው ነው» አለች። «ወንድሜን የገደለው በረዶው ነው። ነፍሱን ይማር።» ጠጥታ ተቀመጠች።

«ነፍሱን ይማር» አሉ ሁሉም። ዶዶ ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው «ፍቅር ነው የሚያናግራት፣ ምን ታድርግ» ሲሉ ሰማች። ሆድ ይፍጀው ያለችው ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷን ይፈጃት ጀመር።

ማልኻዝ ሱቁን ዘጋ። ባቱሚ፣ ባሕሩ ዳር፣ ማንም የማያውቀው ቦታ ሊሠራ መሆኑን የሰማችው ከዳቦ ሻጭዋ ነው። መናኸሪያ ስትደርስ ሚኒባሱ ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶታል።

«ሰማሁ» አላት ከመናገሯ በፊት። «ቢራ አይገድልም ማለትሽን ሰማሁ።»

«አልቻልኩም ማልኻዝ። እጁን ባየህ...»

«አውቃለሁ። ስንት ቀን ልጠላሽ ሞከርኩ፤ እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን የምለውን አላውቀውም። ግን ካንቺ ጋር አንድ ገበታ ላይ እየተቀመጥኩ፣ አባትሽ እየመረቁኝ፣ እንዴት አድርጌ እኖራለሁ?»

ቀለበቱን ልታወልቅ ስትል እጇን ያዛት። «ተይው። ሉሉ የአያትሽ ነው።» እጇን ግን ቶሎ አልለቀቀውም። ሾፌሩ ጠራ፣ ደግሞ ጠራ። ናቴላ «አትሂድ» ልትለው ፈለገች፤ ለማለት የሚያበቃትን ነገር በተዝካሩ ቀን ዋጥ አድርጋዋለች። ሚኒባሱ ሲዞር በመስኮቱ አያት፤ እስኪታጠፍ ድረስ ተያዩ።

ሁለት መከር አለፈ። ማልኻዝ ባቱሚ ውስጥ ማግባቱን ሰማች። ጥሩ ልጅ ናት አሉ፣ የዓሣ ነጋዴ ልጅ ናት አሉ። ናቴላ የሰማች ዕለት ወይን ስትለቅም ዋለች፤ ማታ እጇን ስትታጠብ ነው ያለቀሰችው። ለማግባት የጠየቋት ነበሩ፤ ዶዶ ያመጡላትም ነበሩ። ምክንያቷን ሳትናገር ሁሉንም መለሰች።

በሁለተኛው መከር መጨረሻ፣ አገሩ ሁሉ የአረቄ እሳት ሲያነድ ሻልቫ አላነደዱም። አንድ ጠዋት የተዝካሩን ኮታቸውን ለብሰው ገበያ ወረዱ፤ በተዘጋችው የማልኻዝ ሱቅ ፊት ቆሙ። የገበታ መሪ ድምፃቸው አልከዳቸውም።

«ስሙኝ!» አሉ። «ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ። ያን ጠዋት ጫጫ ቀድቼ አጠጣሁት፤ አልፈልግም እያለኝ አጠጣሁት። ይህ ልጅ ንጹህ ነው። በሐሰት ነው ያባረርነው።»

ሰው ተሰበሰበ። ዳቦ ሻጭዋ አለቀሰች። ራማዝ ክንዳቸውን ያዙ።

«ባቶኖ ሻልቫ፣ ራስዎን አይውቀሱ፤ ሐዘን እንዲህ ያደርጋል።»

«ሐዘን አይደለም! ሦስት ብርጭቆ ሰጠሁት!»

«እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩን?» አለ አንዱ በርኅራኄ። «ንጹህ ጫጫ አያሰክርም። የእርስዎ ጫጫ ደግሞ ንጹህ ነበር፣ ሁላችንም እናውቃለን። ያ ቢራ ነው።»

«ቢራው ነው» አሉ ሁሉም። ዕድሜ ልካቸውን የመገቡትን ቃል መልሰው አጎረሷቸው። አንዱ ሮጦ ሄዶ እንዲረጋጉ ብሎ አንድ ብርጭቆ ጫጫ አመጣላቸው።

ሻልቫ እንደ ሕፃን በክንዳቸው ተይዘው ቤት ገቡ። ናቴላ ደጃፍ ላይ ተቀበለቻቸው።

«አላመኑኝም» አሉ። «ናቴላ፣ አላመኑኝም።» ከሁለት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ቀጥ ብለው አዩ። «ያን ቀን ለእኔ ብለሽ ነው ዝም ያልሽው። ባትራሪልኝ ይሻለኝ ነበር።» አቀፈቻቸው፤ ሌላ የምታደርገው አልነበራትም።

በማግስቱ ቁጥሩን ፈልጋ ባቱሚ ደወለች። «አቤት» ሲል ድምፁ እንደ ድሮው ነበር። ከበስተኋላው የባሕር ወፍ ይጮኻል፣ አንዲት ሴት ስለ ምሳ ትጠይቀዋለች። ናቴላ ደኅንነቱን ጠየቀች፣ ስለ ትዳሩ እንኳን ደስ አለህ አለች፤ ከዚያ አባቷ ገበያ መሃል የተናገሩትን ሁሉ ነገረችው።

«ሰዉስ ምን አለ?» አለ ማልኻዝ።

«አላመኑትም። ቢራው ነው አሉት።»

ሳቀ፤ አጭር ሳቅ ነበረች። ከዚያ ዓይኑን እየጠረገ እንደሆነ በትንፋሹ አወቀች።

«እንግዲያው አንቺም ያን ቀን ብትናገሪ አያምኑሽም ነበር» አላት በለስላሳ። «ራስሽን አታስጨንቂ ናቴላ። ምንም አይለወጥም ነበር።»

ድሮም ደግ ነበር። በር ከፍቶላት ነው፤ «እውነትህን ነው» ብላ መውጣት ብቻ ነበር የቀራት። ናቴላ ስልኩን እንደያዘች ያ ገበታ ታያት፤ ወደ እሷ የዞረው ፊት ሁሉ፣ አፋቸውን ከፍተው የሚጠብቁት ዶዶ፣ ራሳቸውን የደፉት አባቷ፣ ማንም የማያቋርጠው ያ ጸጥታ።

«አይ» አለች። «ያን ቀን ያምኑኝ ነበር።»